ሦስተኛው በር

መካኒኩ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶታል። ሠራተኞቹ ግድቡና እሱ እኩል አርጅተዋል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን በቀልዱ መሳቅ ከተወ ቆይቷል፤ ደረጃ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ ይልበታል።

ዝናቡ ሳያባራ በሰነበተበት ሳምንት፣ ውሃው ከግድቡ አናት ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው፣ የሦስተኛው የውሃ ማስተንፈሻ በር ሞተር ተቃጠለ። አለቃው በማለዳ አስጠርቶት በሩ በእጅ መነሳት እንዳለበት ነገረው። በሩን እየተዞረ የሚያነሳው እጀታ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ በፈረቃው የተገኘው ሌላ ሰው ደግሞ ሽቦ ብቻ ነበር።

ሽቦ በቅጥነቱ ይህ ስም የወጣለት ኤሌክትሪሺያን ነው። የመካኒኩን ታናሽ እህት አግብቶ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወልዶ፣ ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሆናት ጥሏቸው ሄደ። ልጅቷን ለወግ ያበቃት አጎቷ መካኒኩ ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች ሆድና ጀርባ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ እንኳ የሚቀባበሉት በሰው በኩል ነው።

አሁን ከበሩ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ቆመው እጀታውን ያዙ። መቶ ጊዜ ቢያዞሩት በሩ የሚነሳው አንድ ስንዝር ነው። እስከ ረፋዱ ድረስ ሳያርፉ አዞሩት። መካኒኩን ጉልበቱ ሲከዳው ሽቦ ሸክሙን ወደ ራሱ ሳበው። መካኒኩም ይህን አይቶ ይበልጥ በገነ።

እኩለ ቀን ላይ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ፣ መካኒኩን ሦስት ወር በሆዱ የያዘው ነገር ከበደው።

«ልጅህ ወልዳለች» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ወንድ ነው።»

ሽቦ ፊቱን በጓንቱ ጠረገና ግራሶው ጉንጩ ላይ ቀረ።

«ማንን ይመስላል?»

መካኒኩ ሊዋሽ አስቦ ነበር። ግን መዋሸትም አቅም ይጠይቃል።

«ጆሮው ያንተ ነው» አለው።

ተነስተው ቀጠሉ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃው እየተገማሸረ መውረድ ጀመረ። አለቃው በስልክ አመስግኗቸው፣ ነገ ደግሞ ሁለተኛውን በር እንዲያዩት አዘዘ። መካኒኩ በሥራ ወረቀቱ ጀርባ የልጅቷን ስልክ ቁጥር ጽፎ ለሽቦ ሰጠውና ግድግዳውን ተደግፎ ደረጃውን ወረደ።

ሽቦ ቅዳሜ ደወለ። ልጅቷ ድምፁን ስትሰማ ዘጋችበት። እሁድ ሲደግም ግን አልዘጋችም፤ ብዙም ባታናግረው ሕፃኑ ሲያለቅስ አሰማችው።

የመካኒኩ እህት ይህን ስትነግረው አልተቆጣችም፤ አላመሰገነችውም። ቁጥሩን የሰጠው እሱ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው።

«አዎ» አላትና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለ።