እማዬ፣ ልንሻገር ነው

ኦራታይ የእናቷን አመድ የያዘውን ማሰሮ በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከፔናንግ ደሴት ማዶ ባሕር ዳር እስካለችው በተርወርዝ ከተማ በጀልባ፣ ከዚያ በባቡር የአገሩን ድንበር አልፋ ሃት ያይ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ልትወስዳት ነው። እናቷ ለሕክምና ብላ ወደ ደሴቱ መጥታ፣ በገዛ እህቷ ቤት ሳለች ነው የሞተችው።

ወደቡ ላይ አክስቷ ጋይክ ኺም ትእዛዟን ለአሥረኛ ጊዜ ደገመች።

«ውሃ በመጣ ቁጥር ትነግሪያታለሽ። ባሕርም ይሁን ወንዝ፣ ቦይም ቢሆን። ‹እማዬ፣ ልንሻገር ነው፣ ተከተይኝ› በያት። ካልጠራሻት ነፍሷ ውሃ ዳር ቆማ ትቀራለች። ሰማሽ?»

«ሰማሁ፣ አክስቴ።»

«ያንቺ መስማት ምን ይረባኛል? እሷ ትስማ!»

የአክስቷ ልጅ ቡን ሊያንግ ሳቀ። መሐንዲስ ነው። «አመድ ደግሞ ጆሮ አለው?»

«አንተ ዝም በል! አፍህን ለእራትህ አቆየው» አለችው እናቱ።

ይህ የተማረ ሰው በአዲስ ዓመት ቀን ዕድሌ ተጠርጎ ይወጣል ብሎ ቤቱን አያስጠርግም። የራሱ ፍርሃት ጥንቃቄ ነው፤ የሌላው ሰው ፍርሃት ግን ኋላቀርነት! እንዲህ ያለ ሰው እውቀቱን የሚመዘው ሐዘንተኛ ሲያገኝ ብቻ ነው።

ሳቁ ግን ሥራውን ሠራ። ጀልባው ሲነሳ ኦራታይ ዙሪያዋን ቃኘች። ተማሪዎች አሉ፣ ሞተር ብስክሌታቸውን የደገፉ ሰዎች አሉ። አፈረች። አገጯን ደረቷ ውስጥ ቀብራ፣ ለማሰሮው የታዘዘችውን አንሾካሾከችለት።

ባቡሩ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው ላብ ያጠመቃት። እናቷ እኮ ጆሮዋ ከደከመ ሁለት ዓመት አልፏታል!

ካልጮኹላት አትሰማም ነበር። በመጨረሻው የስልክ ወሬያቸው «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ ሦስቴ ብትጠይቃት ኦራታይ «ሥራ አለብኝ አልኩሽ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ!» ብላ ጮኸችባት። ያንን ሰማች። ሰምታም ቀስ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከሞተች ወዲህ ኦራታይ ድምፄን ዳግመኛ አላነሳባትም ብላ ምላለች።

አሁን እናቷ ታየቻት፦ በነጠላ ጫማዋ ወደቡ ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ ሲሳፈር የትኛውን ተከትላ እንደምትሄድ ሳታውቅ፣ የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች። ማሰሮው ባዶ የሆነ ያህል ቀለላት። ባቡሩ ሊነሳ ፊሽካ ሲነፋ ሻንጣዋን ጎትታ ዘላ ወረደች።

የመልሱ ጀልባ አልሄድ አላት። «ከሄደችስ? ሌላ ሰው ተከትላ ከጠፋችስ?» እያለች የጀልባውን የመደገፊያ ብረት ጨምድዳ ያዘች።

አክስቷን ወደቡ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ፀሐይ አናቷን እየጠበሳት፣ ጃንጥላዋን አጠገቧ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ዘርግታ ይዛለች።

«አክስቴ! ቤት አልሄድሽም?»

«አንገትሽን እንደ ሌባ ቀብረሽ ስትሄጂ አየሁሽ። ደንቆሮ እህቴን ለማን ትቻት ልሂድ?» ዓይኗ ቀልቷል። «በይ ተነሺ፣ ጥሪያት። እኔም ፈርቻለሁ።»

እንደገና የተሳፈረችበት ጀልባ ከወደቡ ሲላቀቅ ኦራታይ ማሰሮውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገች።

«እማዬ! ልንሻገር ነው! ተከተይኝ!»

አጠገቧ የተሳፈሩ ተማሪዎች ዞሩ። አንዷ ሳቀች፣ አንዱ ስልኩን አወጣ። የጀልባው ጥሩምባ ጮኾ ድምጿን ዋጠው። ደግማ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ከአፏ የወጣው ያው ያኔ በስልክ እናቷ ላይ የጮኸችበት ድምፅ ነበር። እናቷ ዳግመኛ ተቆጣችኝ ብላ ብትቀርስ?

«አልተቆጣሁሽም እማዬ! እንድትሰሚኝ ነው! ነይ፣ ቤታችን እንሂድ!»

ወደ ኋላ ዞረች። ወደቡ ላይ አክስቷ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ ትክ ብላ ብዙ አየችው፤ ከዚያም ጃንጥላዋን ቀስ ብላ አጠፈች።