የአራት ሰዓቱ ፕሮግራም

«ከአራት ሰዓት በኋላ ሰው አያናግርም ነበር» አለ ከአናጢው ጋር ይሠራ የነበረው ሶፋ ሠሪ፣ ሻዩን እያማሰለ። «‹ፕሮግራሜ ጀምሯል› ይለኛል። የጆሮ መስሚያዎቹን ያስተካክልና መላጊያውን ያነሳል። ከዚያ ብቻውን ይስቃል፤ አንዳንዴማ እንባው እስኪመጣ።»

አናጢው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ወንበሮቹን ሁሉ የሠራቸው ሟቹ ስለሆነ፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸው አንዱም አይንቋቋም።

ሚስቱ ከመሐረቧ ቀና አለች። «የምን ፕሮግራም?»

«እኔ እንጃ። ስጠይቀው የአንዲት ሴትዮ ነው አለኝ። አፏ ምላጭ ነው አለኝ።»

የሟች እህት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወንድሜ ጨዋ ሰው ነበር» አለች፣ ማንም ምንም ሳይላት።

ሚስቲቱ ሐዘኗ መሀል ሌላ ነገር ገባባት፤ እውነቱ ይነገር ከተባለ ቅናት ነው። ባሏ ጆሮው በመጋዝና በመዶሻ ከደከመ ስድስት ዓመት አልፎታል። ልጃቸው ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኙ መስሚያዎች ገዝታ ብትሰጠውም፣ ምሳ ላይ መልሱ ያው «እ?» ነበር። ጨው አቀብለኝ ስትለው «እ?»፣ ጣሪያው ያፈሳል ስትለው «እ?»። ስልኩንም በየጠዋቱ ኩሽና ውስጥ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከጨውና ከስኳሩ መሀል ረስቶት ይወጣል። «አንድ ቀን ከሽንኩርቱ ጋር እከትፈዋለሁ» ትለው ነበር። «እ?» ይላታል። ለካስ ለእሷ የተደፈነው ጆሮ ለሌላ ሴትዮ ክፍት ኖሯል።

ሹልክ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። የሥራ ጠረጴዛው ከኩሽናው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ቆሟል። ድሮ ግቢው ጥግ፣ ብርሃን ያለበት ቦታ ነበር። መስሚያዎቹ በመጡ ሰሞን አንድ ቀን ጎትቶ እዚህ አመጣው። «ብርሃኑ ይሻላል» አላት፣ ድመት እንኳ በማታይበት ጨለማ ቆሞ። በመስኮት የሚገባው የእንጨት ብናኝ ከዚያ ወዲህ ሲያጨቃጭቃቸው ኖሯል።

ጠረጴዛው ላይ ሆስፒታሉ የመለሰላቸው የመስሚያዎቹ ሳጥን አለ። ከፈተችው። ያቺን ሴትዮ ልስማት ብላ አንዱን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሴትዮዋ መጣች።

«… እኔ ድሮም አልወደድኳትም። ወንድሜን በነገር ነው የጨረሰችው። ስኳር እንኳ ለሰው ቆጥራ ነው የምትሰጠው።»

ዞር አለች፤ ማንም የለም። በመስሚያው ውኃ ሲፈስ ተሰማት፣ ብርጭቆ ተጋጨ፣ በመጨረሻ አንድ በር ሲጢጥ አለ። ያንን ሲጢጥታ ታውቀዋለች፤ የራሷ ኩሽና ቁምሳጥን ነው።

ልጇ ልትፈልጋት ስትወጣ፣ መስሚያውን ጆሮዋ ላይ አይታ ደረቀች።

«አባዬ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር» አለች። «ስልኩን እዚያ የሚተወው ረስቶት አይደለም፣ እማዬ። ስልኩ የኩሽናውን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ጆሮው ይልክለታል። ከአሥር እርምጃ ካለፈ ግን ይቋረጣል። ትናንት ቻርጅ አድርጌ እዚያው መለስኩት።»

እናትየው ጠረጴዛውን አየች፣ ግድግዳውን አየች። አራት ሰዓት ምሳ መሥራት የምትጀምርበት ሰዓት ነው። ስትሠራ ደግሞ ታጉተመትማለች፤ ለባሏ መናገር ቢያታክታት ለሽንኩርቱ ነበር የምትነግረው።

«ሁሉንም ሰምቷል?»

«ሁሉንም።»

«ስለ እናቱ ያልኩትንም?»

«ያን ቀንማ ከሳቁ የተነሳ መላጊያው አምልጦት እግሩ ላይ ሊወድቅ ነበር።»

«ታዲያ ምሳ ላይ ምን ሆኖ ነው ‹እ?› የሚለኝ?»

«ስትደግሚው የበለጠ ያምርብሻል ይል ነበር።»

ለለቀስተኛ ከኩሽና የወጣ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ይህ በርጩማ ወገቤን ፈጀው ብላ ለሽንኩርቱ በነገረች ማግስት እግሮቹ አጥረው አግኝታቸዋለች። የኩሽናው መሳቢያም፣ የመስኮቱም እጀታ እንዲሁ ባማረረች ማግስት ተስተካክለው ነበር። ለጎረቤት ሁሉ «ሳልነግረው ይገባዋል» እያለች ስትኮራ ኖራለች። አምና ሳል የጠናበት ሰሞን ደግሞ፣ ቢላዋውን ይዛ «ከእኔ ቀድመህ እንዳትሄድ ብቻ፣ አንተ ደንቆሮ» ብላ ነበር። ወዲያው መጣ። ቢላዋውን ከእጇ ወስዶ ሽንኩርቱን ራሱ ከተፈው፣ ያውም እንደ ማገዶ። እሷ ራበው ብላ ነበር ያሰበችው። አሁን አለቀሰች፤ መሀል ላይ ደግሞ ሳቋ አመለጣት።

ወደ ኩሽና ስትገባ የባሏ እህት ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«እትዬ» አለቻት፣ «ስኳሩን የምቆጥረው ወንድምሽ የስኳር በሽታ ስለነበረበት ነው። እጄ ለምዶ ነው።»

ብርጭቆው ከሴትዮዋ እጅ ሾልኮ ውኃው ውስጥ ገባ። እጇን ሳትጠርግ ወደ ሳሎን ሄደች።

ብቻዋን ስትቀር ስልኩን አነሳች። በቀሚሷ ጫፍ ጠራርጋ ከጨውና ከስኳሩ መሀል መለሰችው። ስለ ቁምሳጥኑ በር ለሽንኩርቱ ያማረረችው ባሏ የሞተ ዕለት ጠዋት ነበር፤ ሊሠራው አልደረሰም።

«አሁንም ይጮኻል» አለች ቀስ ብላ።

ከዚያም ሲጢጥታው በስልኩ በደንብ እንዲሰማ፣ የቁምሳጥኑን በር በዝግታ ከፈተችው።