ንብ ነድፏት ነው

"ጸጉሬን አትንኪብኝ!"

ላጲስ ይህን ያለችው በጀርባዋ ተንጋላ፣ ፊቷ በነጭ ማደንዘዣ ቅባት ተለስኖ፣ በቅባቱ ላይ ደግሞ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ነው። ከንፈሯም አብሮ ስለደነዘዘ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን የሚያጉተመትመውን ይመስል ነበር። የውበት ሳሎኑ ባለቤት በአንድ እጇ የጸጉር ማሰሪያውን ጨርቅ ወጥራ፣ በሌላው የልጅቷን ጸጉር ወደ ኋላ ልትሰበስብ ስትል ነው እጇ አየር ላይ የተያዘባት።

"የኔ ቆንጆ፣ ካልተሰበሰበ መሣሪያው ይጠቀልለዋል እኮ።"

"ከላይ ከላዩን ብቻ ያዥላት" አለች የላጲስ አክስት ከጥግ፣ የቆየ መጽሔት እያገላበጠች። "ጆሮዋን ብርድ እንዳይመታት።"

ውጭ ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለችው አንዲት ማራገቢያም አንገቷን እያዞረች የምታድለው ሙቀት ብቻ ነው። ባለሳሎኗ ማራገቢያዋን አየቻት፤ አክስትየውንም በዚያ ሁሉ ሙቀት ባለረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሳ ተቀምጣ አየቻት።

ላጲስ የሚለውን ስም ያወጡላት የፎቶ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው የጓዳ ክፍል፣ ኮምፒውተር ላይ ተተክላ የሰው ፊት ስታጸዳ ኖራለች፤ የሙሽራ ብጉር፣ የነጋዴ የዐይን ከረጢት፣ የተማሪ ጠባሳ፣ ምኑ ቅጡ። አንድ ጊዜ የአንድን ጡረተኛ ሽብሽብ ድራሹን ብታጠፋው፣ ሰውየው ፎቶውን አገላብጦ አይቶ "የልጄን ነው የሰጣችሁኝ" ብሎ መልሶታል። የራሷን ጉንጭ ግን የሚያጸዳላት አልተገኘም። የአፍላነት ብጉሯ ሲሄድ ጉድጓዱን ትቶላት ነው የሄደው፤ ዝናብ ጀምሮ የተወውን አሸዋ ይመስላል።

ባለፈው ሳምንት የፎቶ ቤቱ ባለቤት አስጠራት። ዋናው መንገድ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው። "ፊት ለፊት የምትቀመጥ ልጅ ፊቷ ማስታወቂያችን ነው" አላት፣ ዐይኑን ከጉንጯ ላይ ለማንሳት እየታገለ። "ትንሽ አስተካክዪውና ቦታው ያንቺ ነው።" ላጲስ በገነች። ከንዴቱ ሥር ግን ያ መስኮት ያለው ጠረጴዛ ታያት፤ የሚገባ የሚወጣ ሰው፣ ቀኑ ሲመሽ የሚታይበት ቦታ። ደግሞስ ለስላሳ ጉንጭ ማን ይጠላል? አክስትየው ወሬውን የሰማች ዕለት ቁጭ አላለችም፤ ከዚህ ደውላ ከዚያ ደውላ ይችን ሳሎን አገኘች።

ቅባቱ ከመቀባቱ በፊት ባለሳሎኗ መጠይቅ ሰጥታቸው ነበር። ላጲስ አልጋው ላይ ስለወጣች የሞላችው አክስትየው ናት። ጽሕፈቷ ያምራል፤ የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ የምትጽፈው እሷ ናት። አራተኛው ጥያቄ "ቁስልዎ ከዳነ በኋላ እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ፣ ማለትም ኬሎይድ፣ አለብዎት?" ይላል። አክስትየው ድምጿን ሳታሰማ አነበበችና "የለም" ብላ ጻፈች፤ በዚያች ባማረች ጽሕፈቷ።

"ሰዓቱ ደርሷል" አለች ባለሳሎኗ፣ ላስቲኩን ከፊቷ ላይ እየላጠች። ላጲስ እጇን ላላ ስታደርግ ባለሳሎኗ ጊዜ አላባከነችም፤ ጸጉሯን በአንድ ትንፋሽ ጠቅልላ አሰረችው። ከዚያ ቆመች።

ከቀኝ ጆሮዋ ጀርባ፣ የተበሳው ላይ፣ ባቄላ የሚያህል የሚያብለጨልጭ እብጠት ቁጭ ብሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ንብ ነድፏት ነው" አለች አክስትየው፣ ከመጽሔቱ ቀና ሳትል።

ይህ ቤተሰብ እንዲህ ነው፤ ለያንዳንዱ እብጠት አንድ ታሪክ ይሰፋለታል። የላጲስ እናት ደረት ላይ ያለው የፈላ ውሃ ነው። የሟቹ አያቷ ማጅራት ላይ የነበረው ፈረስ ረግጦት ነው። አያትየው ዕድሜውን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ፈረስ በቅርብ ያየው የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ላይ ነው። ግን የጠየቀ የለም። ታሪኩ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ እብጠቱም እንደዚያው። ላጲስ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ጆሮዋን ተበሳች፤ በሦስተኛው ወር ከጉትቻው ጀርባ ምስር የሚያህል ነገር ብቅ አለ። አስቆረጠችው፤ የቆረጠላት ሐኪም ኬሎይድ ብሎት ነበር፤ በዓመቱ ባቄላ ሆኖ ተመለሰ። ያን ጊዜ ንቧን ያመጣችው አክስትየው ናት። ታሪክ ፈጣሪዋ እሷ ናት፤ ፈረሱንም ሳታስረግጥ አልቀረችም።

"ንብ ከሆነማ..." ባለሳሎኗ ትንፋሿን ለቀቀች። ብዕር የመሰለውን መሣሪያ አነሳች፤ ጫፉ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠኑ አሥራ ሁለት መርፌዎች አሉት። ቁልፉን ስትጫነው ዚዝዝ ብሎ ተነሳ። ላጲስ መርፌዎቹ ወደ ጉንጯ ሲወርዱ አየቻቸው።

"ንብ ባይሆንስ?"

መሣሪያው ጉንጯ ሳይደርስ ቆመ።

"ምን አልሽ?"

"ንብ ባይሆንስ? ኬሎይድ ቢሆንስ?"

"ይቺ ልጅ!" አለች አክስትየው። "ቅባቱ ወደ ጭንቅላትሽም ገባ እንዴ?"

ላጲስ ተነስታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። "አንቺን አልጠየቅኩሽም፣ እትዬ። እሷን ነው።"

ባለሳሎኗ መሣሪያውን ሳህኑ ላይ አጋደመችው። "ይሄ ማይክሮኒድሊንግ የሚሉት ነገር እውነቱን ለመናገር ፊትን በጥቃቅኑ ማቁሰል ነው። ቆዳሽ ቁስሉን ሊደፍን አዲስ ሥጋ ያበቅላል፤ ጉድጓዱም በዚያው ይሞላል። የአብዛኛው ሰው ቆዳ ሲሞላ ያቆማል። ኬሎይድ የሚወጣበት ቆዳ ግን..." ወደ ጆሮዋ በአገጯ አመለከተች። "በቃኝ ማለት አያውቅም። ምንም ላይሆን ይችላል። ፊት ላይ እንደ ጆሮና እንደ ደረት አይበዛም ይላሉ። ከወጣብሽ ግን እኔ አልመልሰውም።"

"ታዲያ ላላ አድርገሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊላታ! እዚህ ድረስ መጥተን!"

"ጥልቀቱን መቀነስስ እችላለሁ።" ባለሳሎኗ መጠይቁን በዐይኗ ፈለገችው። "ደግሞም የለም ብላችሁ ፈርማችኋል።"

ላጲስን ያንገበገባት ይቺ ናት። "ፊቱ የኔ፣ ፊርማው የሷ፣ ጥፋቱ የማንም! ጥሩ ነው!" ብላ ስልኳን አነሳች። ጆሮዋ ቅባት ስለነካው ድምፁን ከፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

እናቷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። በዚያ ሁሉ እንፋሎት ውስጥ ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነው የምትውለው።

"እማ፣ ደረትሽ ላይ ያለው የምንድን ነው?"

"ምን? አፍሽ ምን ሆኗል? ጠጥተሻል?"

"በቅባት ደንዝዞ ነው። መልሺልኝ።"

"የፈላ ውሃ ነው ብዬሽ የለ?" ከኋላዋ ካውያው ፊሽ ሲል ይሰማል።

"እማ።"

ካውያው ሁለቴ ፊሽ አለ፤ ሦስተኛው ሳይመጣ ቀረ።

"ብጉር ናት" አለች እናትየው። "አንዲት ብጉር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፈነዳች፣ ዳነች፣ ከዚያ ማደግ ጀመረች።"

"ጆሮዬን ስበሳ እኮ አጠገቤ ነበርሽ። እጄን የያዝሽኝ አንቺ ነሽ።"

"አንቺን ይዘልሽ ይሆናል ብዬ ነዋ! ስሙን ከጠራሁት የሚመጣ መሰለኝ።" ድምጿ ሰለለ፤ ከዚያ ድንገት ደነገጠ። "ቆይ፣ የምን ቅባት ነው? የት ነሽ?"

"ሳሎን። ፊቴን በመርፌ ሊወጉልኝ።"

"ወጉሽ?"

"ገና ናቸው።"

"ውጪ ከዚያ! አሁኑኑ ውጪ! ያቺ እህቴ አጠገብሽ ካለች ደግሞ ቤት ስንገናኝ እንነጋገራለን በያት!"

አክስትየው መጽሔቱን ከፍ አድርጋ ፊቷን ጋረደችበት። መጽሔቱ የተገለበጠ ነበር።

ላጲስ ከአልጋው ወርዳ መጠይቁን አነሳችና "የለም" የሚለውን ሁለቴ ሰረዘችው። አጠገቡ "አለ" ብላ ጻፈች። የሷ ጽሕፈት አያምርም፤ ቃሉ ገዝፎ አምስተኛውን ጥያቄ ሸፈነው። "እንኪ" ብላ ለባለሳሎኗ ሰጠቻት።

"እንግዲህ አልነካሽም" አለች ባለሳሎኗ፤ እርጥብ ፎጣ ስታቀብላት ፊቷ እንደ መብራት በርቶ ነበር። "እኔም ተገላገልኩ። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አይሆንም ካሉሽ አይሆንም። ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ሰው የማያየው ቦታ ላይ ትንሽዬ ሞክረው፣ ወራት ጠብቀው ነው። አገጭሽ ላይ ያለው ያልዳነ ብጉርም ቀድሞ መዳን አለበት። ጆሮሽን አይቶ ዛሬውኑ ልሥራልሽ የሚልሽ ሰው ካገኘሽ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሩጪ።"

"ማሰሪያውን ልውሰደው?"

"ውሰጂው።"

መንገድ ላይ ላጲስ ከፊት ትሄዳለች፣ አክስትየው ከኋላ እያጉረመረመች ትከተላለች።

"ጸጉርሽን ልቀቂው! ሰው ያይሻል!"

"ይየኛ።"

"በኋላ እትዬ አልነገረችኝም እንዳትዪ!"

"ከነገርሽኝ ውስጥ እውነቱን እየፈለግኩ ነው፣ እትዬ።"

ስልኳ ጮኸ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው።

"እህ፣ ተስተካከለልሽ?"

"አልተስተካከለም፣ ጋሼ። ላይስተካከልም ይችላል። ሰኞ ይሄንኑ ፊት ይዤ እመጣለሁ።"

"ምነው አፍሽ? ለማንኛውም... እንግዲህ ሌላ ልጅ መፈለጌ ነው።"

"እንግዲያው ለጓዳውም ሌላ ሰው አብረው ይፈልጉ። ፎቷቸው ለቅዳሜ መድረስ ያለበት አራት ሙሽሮች አሉብዎት፤ የአንደኛዋን አፍንጫ ፀሐይ ልጦታል።"



"ቆይ እስቲ፣ ምን ያስቸኩልሻል?" አለ ሰውየው። "እንነጋገራለን።"

"እንነጋገራለን። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ።" ዘጋችው።

የቆዳ ክሊኒኩ ከሁለት መታጠፊያ በኋላ ነው። ቀለሙ የተላጠ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የወረፋ ቁጥር፣ በመስኮት ብቻ የምትታይ ነርስ። ነርሷ ጆሮዋን አየችው፤ አልደነገጠችም፣ ታሪክም አልጠየቀችም። "ሐኪሙ ሳያይሽ መርፌ የሚባል ነገር እንዳይነካሽ" ብላ አንድ ወረቀትና እስኪርቢቶ ሰጠቻት።

ሌላ መጠይቅ። ላጲስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ራሷ ሞላችው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "በቤተሰብዎ ውስጥ ኬሎይድ ያለበት ሰው አለ? ዝምድናውንና ቦታውን ይጥቀሱ።" ሦስት ባዶ መስመር አለው።

የመጀመሪያው ላይ "እናቴ፣ ደረት፣ ከብጉር" ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ላይ "አያቴ፣ ማጅራት" አለችና ትንሽ አስባ "ፈረስ አይደለም" ብላ ጨመረችበት።

አክስትየው አጠገቧ ተቀምጣ በሹራቧ እጅጌ ላቧን ትጠርጋለች። ወረፋ የያዘውን ሰው አንድ በአንድ ቃኘችው፤ ከዚያ ለግድግዳው የምትናገር ይመስል፦

"የክትባት መርፌ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ምኑ ትላለች ደግሞ! ትከሻዬ ላይ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ። እናቴ አየችውና በዚያው ሸፈነችው፤ እኔም ሸፍኜው ቀረሁ።"

ላጲስ የአክስቷን እጅጌ አየችው። በሃያ ስድስት ዓመቷ የዚህችን ሴት ክርን እንኳ አይታ አታውቅም። መሳደብ አማራት፤ ተወችው። ማዘኑም ቢሆን ለጊዜው አልመጣላትም። ወረቀቱን አክስቷ ጭን ላይ አስቀምጣ እስኪርቢቶውን ዘረጋችላት።

"ጽሕፈትሽ ያምራል። ሦስተኛውን አንቺው ሙዪው።"

"እኔ ምን በወጣኝ!"

ላጲስ እጇን አላጠፈችም። ነርሷ ቁጥር ጠራች፤ የነሱ አይደለም። ሌላ ጠራች፤ አሁንም አይደለም። እስኪርቢቶው በሁለቱ መሀል እንደተዘረጋ ነው።

አክስትየው በስተመጨረሻ መነጨቀቻት። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካክላ፣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

"ትከሻ ብቻ ይበቃል" አለች፣ "ወይስ ግራውን ልጥቀስ?"

"ግራውን ጥቀሺ።"