ለቮግል የተነፈገው ምት

ኤሜት ረስክ ቂም የሚረሳ ሰው አልነበረም። በሪቨርመን የቤዝቦል ክለብ ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ጠጉሩ እስኪሸብት አገልግሏል፤ ክንዱ ስለ ደከመ አሁን የሚጠሩት ለመጨረሻው ዙር ብቻ ነው። ክንዱ ይድከም እንጂ ልቡ አልደከመም፤ የያዘውን ሰው እንደ ያዘ ነበር። የያዘውም ሰው ከርቲስ ቮግል ይባላል።

ነገሩ የመጣው ከአድማው ነው። የክለብ ባለቤቶች ለተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ እናበጃለን ባሉ ጊዜ የተጫዋቾች ማኅበር እምቢ ብሎ ሥራ አቆመ፤ ሜዳዎቹም ከበጋ እስከ ጸደይ ሣር ብቻ ሆነው ከረሙ። ባለቤቶቹም ከየመንደሩ ሰው ለቅመው፣ የአድመኞቹን መለያ አልብሰው ልምምድ አስጀመሩ። ቮግል ከነዚያ ምትክ ሰዎች አንዱ ነበር።

ባዕድ ቢሆን ኖሮ ቁስሉ እንዲህ ባልመረቀዘ። ነገር ግን ቮግል የሎኒ ቢቻምን እንጀራ የበላ ሰው ነው። ሎኒ የክለቡ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ ኤሜት የሚወረውረውን ኳስ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ሲቀልብ ዘመኑን የጨረሰ፣ ለኤሜትም ከእናት ልጅ የሚቀርብ ወዳጅ። ቮግል ከታችኛው ሊግ ገና ሲመጣ ሎኒ በቤቱ አስቀመጠው፤ ሚስቱ አበላችው፤ ሎኒም የተቀባይነትን ሥራ ከእግር አጣጣል ጀምሮ አስተማረው። በአድማው ጊዜ የተጫዋቾቹ ተወካይ ሎኒ ነበር። አድማው ሲያበቃ የክለቡ ባለቤት «ጉልበትህ አርጅቷል» ብሎ አሰናበተውና በቦታው ቮግልን አቆመ። የተሰናበተው ግን አንደበቱ እንጂ ጉልበቱ እንዳልሆነ ያልገባው አልነበረም።

ኤሜት አንድ ቀን ቮግልን ይዞ «ለምን አደረግኸው?» ቢለው፣ «ሳላረጅ ያንን መለያ አንድ ቀን ልልበሰው ብዬ ነው» አለ። ኤሜትን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለው ይህ መልስ ነው። ለክህደት ትልቅ ምክንያት ቢሰጠው ባረፈ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቮግል ላይ የወረደው ግዝት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበሩ አድማ ሰባሪን በአባልነት አይቀበልም። በመልበሻ ክፍል ወንበሩ ወደ ግድግዳ ዞረ፤ ኳስ አርቆ መትቶ ሲመለስ እጅ የሚዘረጋለት አልተገኘም፤ በአውቶቡስ ውስጥም ከጎኑ የሚቀመጠው ሻንጣው ብቻ ነበር። ለሌላ ክለብ ተሸጦ ቢሄድ ግዝቱ ተከትሎት ሄደ።

በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ካልተጻፉት ልማዶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ የበደለ ሰው መምቻውን ይዞ ሲቆም የተበዳይ ወገን የሆነ ወርዋሪ ኳሱን በጎድኑ ላይ ይልካል። የተመታውም ሳይቆጣ፣ የተመታበትን ሳያሽ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ይሄዳል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ከአድማው በኋላ ግን ባለቤቶቹ የተቀየመውን ተመልካች ለመመለስ ደንቡን ቆራርጠው ለወጡት። ጨዋታው ይፍጠን አሉ፤ ሆን ብሎ መቺን በኳስ የመታ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረር፣ ብዙ ጨዋታም ይታገድ አሉ። ስለዚህ ወርዋሪው ሁሉ ለእንጀራው ፈራ፤ ቮግልን የሚደፍር ጠፋ።

ቮግል ከአዲሱ ክለቡ ጋር ሊጋጠማቸው በመጣበት እሑድ፣ ወጣቱ ተቀባይ ብሬት ሎማክስ ኤሜትን በመልበሻ ክፍል ጠጋ አለው።

«ሽማግሌው፣ ሰውህ መጥቷል።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያስ? አንተ እንደሆንክ ብትታገድም ያው ጡረታህ ነው፤ ምን ይቀርብሃል?»

«አንተ ጓንትህን ጠብቅ።»

«ኧረ እኔማ ዛሬ ጓንት የምፈልግም አይመስለኝም። ጎድኑ ይቀልብልኛል!» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

አሠልጣኙ ዶይል ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ። «ግን ኤሜት፣ ጨዋታውን እንዳትሸጥብኝ።»

ሎኒ ደግሞ በዋዜማው ከሚኖርበት ገጠር ደውሎለት ነበር፤ አሁን የትራክተር ዕቃ ይሸጣል። «ነገ እመጣለሁ» አለው። «አንድ ጊዜ ምታውና ይብቃ።» ኤሜትም «እንዳታስብ» ብሎ ነበር።

የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ሪቨርመን በአንድ ነጥብ ይመሩ ነበር። ኤሜት ሁለት መቺ አስወጣ፤ ለማሸነፍ አንድ ሰው ብቻ ቀረው። ነገር ግን ሁለት ሯጮች በሁለተኛውና በሦስተኛው ማረፊያ ላይ ቆመው ገብተው ነጥብ ለማስቆጠር ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ቮግል ዱላውን ይዞ ወጣ። ተከትሎት የሚመታው ሮስኮ ታል ነው፤ በዚያ ዓመት እርሱን የሚያህል መቺ አልነበረም። ዶይል ከመቀመጫው ተነሥቶ «ቮግልን ጨርሰው፤ ታል ጋ እንዳትደርስ» የሚል ምልክት ሰጠ።

ኤሜት ኳሱን በመዳፉ ውስጥ እያሻሸ ሰውዬውን ተመለከተው። ያየውም ነገር እጁን አሰረው። ቮግል የክርኑን መከላከያ አውልቋል። የእግሩን ጣቶች ኳሷ በላዩ ከምታልፍበት ነጭ ሰሌዳ አፋፍ አድርሶ፣ ደረቱን አሳልፎ ሰጥቶ ቆሟል። ከበስተኋላውም አንድ ዓመት ሙሉ ያላናገሩት ጓደኞቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው በአጥሩ ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ጓንቱን አውልቆ እጁን ባዶ አድርጎ ይጠብቃል።

«ምን ትጠብቃለህ ሽማግሌ?» አለ ቮግል፤ ጎድኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ይኸውልህ፣ እዚህ ነው!»

ያን ጊዜ ኤሜት ነገሩ ተገለጠለት። ይህ ሰው ንስሐ ገብቶ ቀኖና የሚሰጠው አባት ያጣ ኃጢአተኛ ነው። ኳሷ ጎድኑን በነካች ቅጽበት ግዝቱ ይፈታል፤ ያች ባዶ እጅ ትጨብጠዋለች፤ ማታም ከሰው ጋር ይበላል። እስከዚያ ሰዓት በኤሜት መዳፍ ውስጥ ቅጣት ይመስል የነበረው ነገር ለካ ሥርየት ነበር። ኤሜትም በልቡ፦ ከእኔ እጅ አያገኛትም አለ።

የመጀመሪያውን ኳስ መቺው በዱላው እንኳ ሊደርስበት ከማይችልበት ቦታ፣ ወደ ውጭ አርቆ ወረወረ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሎማክስ ተንጠራርቶ ቀልቦ ኤሜት ወደሚወረውርበት ጉብታ ሮጠ።

«ምን ሆነሃል? ወይ ምታው ወይ አስወጣው!»

«ሁለቱንም አላደርግም።»

«ቀጥሎ እኮ ታል ነው፣ ሰውዬ!»

«ተመለስና ተቀመጥ።»

ሦስተኛው ወደ ውጭ ሲሄድ ቮግል ዱላውን ዝቅ አደረገ። «በናትህ ወርውር! አንዴ ምታኝና ይለቅልኝ! ምን አለበት?»

«ላንተ የማባክነው ምት የለኝም» አለ ኤሜት፤ አራተኛውንም ወደ ውጭ ላከው።

አራት ጊዜ ወደ ውጭ የተወረወረለት መቺ ያለ ልፋት የመጀመሪያውን ማረፊያ ይወርሳል፤ ቮግል ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ዳኛው «ሂድ እንጂ ልጄ፣ ማረፊያው ያንተ ነው» ቢለው፣ ፍርድ እንደ ተነበበበት ሰው እግሩን እየጎተተ ሄደ። በማረፊያው የቆመው ተጫዋች ጀርባውን ሰጠው። በአጥሩ ላይ የተደረደሩትም አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ ያ ሰውዬም ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ኤሜት ይህን ሁሉ እያየ፣ በተጠማ ሰው አንጀት ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሲወርድ እንደሚሰማ፣ ደስታው በሰውነቱ ሲወርድ ተሰማው።

ታል የመጀመሪያውን ኳስ ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ ሁለቱ ሯጮች ገቡ፤ ሪቨርመንም በቀረላቸው የመምታት ተራ አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገኙ ተሸነፉ። ኤሜት ኳሱ የት እንደ ወደቀ ዞሮ እንኳ አላየም።

«ሸጥክብኝ» አለ ዶይል፤ አልጮኸም። «ዕቃህን ሰብስብ።»

ኤሜት ሻንጣውን ይዞ የእንግዳው ክለብ አውቶቡስ ወደ ቆመበት የኋላ በር ወጣ፤ ሎኒ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቅ ነበር።

«አየኸው?» አለ ኤሜት፤ ፊቱ በርቷል። «ለመነኝ እኮ! ሲለምነኝ ነፈግኩት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልህ?»

«ለእኔ ነው ያደረግኸው?»

«ለማን ታዲያ?»

ሎኒ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ውስጡ ተመለከተ። «ስማኝ ወንድሜ። ልጁ ቤቴ የኖረ ልጅ ነው። ባለቤቴ ዛሬም ምግብ ስታቀርብ ስሙን ታነሣለች። ሳይመታ ግን ልደውልለት አልችልም፤ እኔ ተወካይ የነበርኩት ሰው ቀድሜ ልማዱን ልስበር? ምታውና ይብቃ ያልኩህ ለዚህ ነው። ዛሬ ራት ይዤው ልሄድ ነበር።»

«ቦታህን የቀማህን?»

«የተቀማሁት እኔ ነኝ። ቂሙም የእኔ ነበር። ላንተ ማን ሰጠህ?»

በዚህ መካከል ቮግል ከሁሉ ኋላ ብቻውን ወጣ። ሎኒን ባየ ጊዜ ደንግጦ ቆመ። ሎኒ ጥቂት አመነታ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት በመስኮት ያዩ ነበርና። ከዚያም ባርኔጣውን አጠለቀ፤ ቀርቦም የቮግልን ሻንጣ ከእጁ ተቀበለው። ምን እንደ ተባባሉ ኤሜት አልሰማም፤ ቮግል ግን በክንዱ ፊቱን ሸፍኖ ነበር።

ጥቂት እንደ ሄዱ ሎኒ ዞሮ «ና እንጂ ኤሜት!» አለ። «ባለቤቴ ያዘጋጀችው ሥጋ ለሦስታችንም ይበቃል።»

ኤሜት ሁለቱን ጎን ለጎን ቆመው አያቸው። በልቡም ያን ያህል ዘመን የወደደውን ሰው ከቮግል አጠገብ አቆመው፤ አድማም ይስበር ልማድ፣ መስመር የተሻገረ ሁሉ አንድ ነው አለ። ሎኒ ስሙን ደግሞ ቢጠራው እንዳልሰማ ሆኖ መኪናውን ከፈተ፤ መስኮቱን ዘግቶም በአጠገባቸው አለፈ።