ለማንኛውም ይቆይ

ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ መርፌ ጨብጣ ነው የምትውለው። መርፌ ትፈራለች ቢባል ሰፈሩ በሳቅ ይሞታል። እውነትም የምትፈራው መርፌውን አይደለም። የምትፈራው ነርሷ ከወጋቻት በኋላ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስባ ደም መምጣት አለመምጣቱን የምታይባትን ያችን ቅጽበት ነው።

የካንሰር ሕክምናዋን፣ ኬሞውን፣ ከጨረሰች ዓመት ሊሞላት ነው። መድኃኒቱ ይገባበት የነበረው ፖርት ግን ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳዋ ስር፣ የካፖርት ቁልፍ አክሎ ቁጭ ብሏል። ቱቦው እንዳይደፈን በየወሩ በመርፌ መታጠብ አለበት፤ ሲሪንጁ ሲሳብ ደም ካልመጣ ተደፍኗል ማለት ነው። «ይውጣልኝ» ብላ ስትለምን ሐኪሙ ወረቀት እያገላበጠ «ለማንኛውም ይቆይ» አላት። ሰውየው ይህን ተናግሮ ወደ ምሳው ሄደ፤ እሷ ግን ቃሉን እስከ ዛሬ እያኘከች ነው። በሽታው ተመልሶ ቢመጣ ማለቱ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ከዚያ ወዲህ እግሯ አልገባም አለ። ባለቤቷ ታክሲ ነጂ ነው፤ በቀጠሮዋ ቀን የሆስፒታሉ በር ላይ ያወርዳትና ወደ ሥራው ይፈተለካል። እሷም ታክሲው እስኪታጠፍ ጠብቃ፣ ማዶ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዓት ያህል ተቀምጣ፣ ከቦርሳዋ ፕላስተር አውጥታ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቤቷ ትገባለች።

«ታጠበ?» ይላታል ባሏ ማታ።

«ታጠበ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ አምስት ወር ሞላ።

ዛሬ ታክሲው ጋራዥ ስለገባ በአውቶቡስ አብረው መጡ። ባልየው ተከትሏት እስከ ውስጥ ገባ። ምን ብላ ትመልሰው?

ነርሷ ወጋቻትና ሲሪንጁን ሳበች። ባዶ ነው።

«እጅሽን ወደ ላይ። እስቲ ሳል ሳል አድርጊ። አንገትሽን አዙሪ።»

ምንም የለም።

«ለመጨረሻ ጊዜ የታጠበው መቼ ነው? መዝገቡ ላይ አጣሁት።»

«ባለፈው ወር ነዋ፤ እኔው ነኝ ያመጣኋት» አለ ባልየው።

ነርሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። «በግድ አልገፋውም፣ አደጋ አለው። የቆየ ከሆነ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እንሞክራለን። እውነቱን ንገሪኝ፣ እህቴ።»

ብትዋሽ ለሕይወቷ ያሰጋታል፤ ብትናገር ደግሞ ባሏን በምን ዓይኗ ታየዋለች?

«አምስት ወር» አለች። «ፈርቼ ነው። ማዶ ተቀምጬ እመለስ ነበር።»

የባሏን ቁጣ ስትጠብቅ ድምፁ ተሰብሮ ወጣ።

«እኔስ ሥራ ረፈደብኝ እያልኩ በር ላይ ጥዬሽ የምፈረጥጠው ለምን መሰለሽ? እዚህ ክፍል መግባት አቅቶኝ ነው። አንዴ እንኳ ብገባ ኖሮ...» አልጨረሰውም።

ነርሷ መድኃኒቱን ቱቦው ውስጥ አስገብታ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ አለቻቸው። እምቢ ካለ ፖርቱ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ይውጣልኝ ብላ ስትለምን የኖረችው ሴት፣ አሁን በሆዷ አታውጣብኝ እያለች ትለምናለች። ከወጣ በኋላ በሽታው ቢመለስስ? እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ነርሷ ተመልሳ ሲሪንጁን ያዘች። ባልየው ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቱን እጅ እስኪያማት ጨመቀው። መጀመሪያ ቀጭን ቀይ ነገር ብቅ አለ፣ ከዚያ ሲሪንጁ ሞላ።

«ዓይንህን ግለጥ፣ መጥቷል» አለችው ሚስቱ።

ደግማ እስክትነግረው ድረስ አልገለጠም።