ልብወለድ በአሮጌ ካላንደር ላይ

ላሊሴ ቦሩ ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት የክፍሏን ልጆች ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይዟቸው ነበር። «የሰመጠችው መንደር» ይባላል፤ አራት መቶ ገጽ ገደማ ያለው ልብወለድ ነው። ውዳላት የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ገበያ ውላ ስትመለስ መንደሯን ሐይቅ ውጦት ታገኛለች። ሰዎቿ ግን አልሞቱም፤ ከውኃው በታች ይኖራሉ። እሷም ልታወጣቸው ሰባት የድንጋይ በሮችን አልፋ ትወርዳለች። በእረፍት ሰዓት ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር።

«ስንተኛው በር ደረስሽ?»

«አራተኛው ላይ ነኝ፤ ኧረ እንዳትነግሪኝ!»

ላሊሴ ዳር ቁጭ ብላ ትሰማለች። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወስዶታል። የተወለደችው ሱሉልታ ነው፤ አባቷ ሰበታ እህታቸው ዘንድ አስቀመጧትና እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ከዓይነ ስውራን ጋር ተማረች። ብሬል በማንበብ አብረዋት ከተማሩት ሁሉ ፈጣን ነበረች። አሁን የምትማረው ዓይናቸው ከሚያይ ልጆች ጋር ነው። የትምህርት መጻሕፍቱ ብዙዎቹ በብሬል አሏት። ይህ ልብወለድ ግን በብሬልም የለም፣ በድምፅ የተቀዳም የለውም፤ ጠይቃ አጣርታለች።

ከጎኗ የምትቀመጠውን ፌኔትን እንድታነብላት ለመነቻት። ፌኔት ሦስት ገጽ እንደ ውኃ አንደቀደቀችውና ደወል ተደወለ። በማግስቱ መጽሐፉን ሳትከፍተው፣ «አቦ ላሊሴ፣ ይኼን ሁሉ ከማነብልሽ ታሪኩን ልንገርሽ» አለችና በአንድ የእረፍት ሰዓት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት።

«በቃ ይኸው ነው። አሁን አንቺም አነበብሽው ማለት ነው።»

«ነገርሽኝ እንጂ መች አነበብኩት» አለች ላሊሴ።

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነት ከሌለው አንቺ ለምን ሰው ጠይቀሽ አልተውሽውም? ለምን አራት መቶ ገጽ አነበብሽ?»

ፌኔት መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ላሊሴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ጨርሻለሁ። የፈለግሽውን ያህል አቆይው» አለቻት።

ላሊሴ ያን ቀን ወደ ቤት ስትሄድ አንድ ነገር ወስናለች። መጽሐፉን ራሷ በብሬል ትጽፈዋለች፤ ከዚያ በጣቷ ታነበዋለች። የሚያስፈልጋት ወፍራም ወረቀትና እያነበበ የሚያጽፋት ሰው ነበር።

ወረቀቱ ቀለል አለ። ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ወፍራም ስለሆነ ለብሬል ይመቻል። አክስቷ ወይዘሮ ገለቴ፣ እሷ «አዳዳ» የምትላቸው፣ በራቸው ላይ ሽንኩርትና ድንች ስለሚሸጡ ከደንበኞቻቸው እየጠየቁ ያመጡላት ጀመር። «ልብወለድ ለፈተና አይመጣም» ማለታቸውን ግን አልተዉም። ሰው ማግኘቱ ከበደ። ሁለት የክፍሏ ልጆች ሞክረው ነበር። አንዷ ስትፈጥን ላሊሴ ወደኋላ ትቀራለች፤ ሌላዋ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ መድገም ሲሰለቻት፣ «ነገ» ብላ ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

በአክስቷ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ማርቲ የምትባል ወጣት ነበረች። ከወላይታ አረካ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ ክር ፋብሪካ ትሠራለች። የጠዋት ፈረቃ ስለሆነች ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤት ናት። ላሊሴ አንድ ቀን በሯን አንኳኳች።

«እኔ?» አለች ማርቲ ደንግጣ። «እኔማ አልችልም። ከስድስተኛ ነው ያቋረጥኩት። አማርኛ ሳነብ ፊደል እየቆጠርኩ ነው፤ ያስቅብኛል።»

«እስቲ አንድ መስመር አንብቢልኝ።»

ማርቲ መጽሐፉን ተቀበለች። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች። «ው... ውዳላት... ከ... ገበያ... ስት... ስትመለስ...» አፈረች። ላሊሴ ግን ስሌት የሚባለውን ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ ወረቀቷ ላይ አጣብቃ፣ በመውጊያው ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትጽፋለች። ማርቲ ቃሉን ስትጨርስ እሷም ጨረሰች። ብሬል በእጅ ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ ስለሚወጋ ቀርፋፋ ነው፤ ፈጣን አንባቢ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«ማርቲዬ» አለች ላሊሴ፣ «እስካሁን ስፈልገው የነበረው እንዳንቺ የሚያነብ ሰው ነው።»

ማርቲ እያሾፈችብኝ ነው ብላ ፊቷን አየች። ሹፈት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማርቲ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ ነበር። መጀመሪያ በቀን አንድ ገጽ፣ በኋላ ሁለት፣ ቆይቶም ሦስት። የተጻፈው ወረቀት ወይዘሮ ገለቴ ጓዳ ባለ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀማል። ማርቲ የማታውቀው ቃል ሲገጥማት ላሊሴ ትነግራታለች፤ ላሊሴ የደከማት ቀን ደግሞ ማርቲ፣ «ውዳላትን በር ላይ አቁመናት ልንሄድ ነው?» ትላታለች።

ሦስተኛው በር ላይ ሲደርሱ ግን ማርቲ ቀረች። እሁድ በቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑ መሪ ኤርምያስ ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እህቴ፣ ጥንቆላ ያለበት መጽሐፍ ታነቢያለሽ ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ለነፍስ አይበጅም» ብሏት ነበር። ማርቲ ኤርምያስን ታከብረዋለች። ሰበታ ስትመጣ ሥራ የጠቆማትም፣ ስትታመም የጠየቃትም እሱ ነው። ሰኞ ዕለት መጽሐፉን ይዛ ላሊሴ ዘንድ ሄደችና ነገሩን ሳትደብቅ ነገረቻት።

ላሊሴ ተናደደች፤ ግን አልለመነቻትም። «ክፉ ነው ብለሽ ካመንሽ ተይው፤ አልቀየምሽም» አለች። «ግን እስካሁን ያነበብሽው ለእኔ ነው። አንዴ ለራስሽ አንብቢውና ከዚያ ወስኚ። ሰው ነግሮሽ ብቻ አይሁን።»

ማርቲ መጽሐፉን መልሳ ወሰደችው። ፋብሪካው ውስጥ በምሳ እረፍት ከማሽኖቹ ራቅ ብላ ቁጭ አለችና የሦስተኛውን በር ምዕራፍ ከፈተች። በሩን የሚጠብቀው ፍጡር ውዳላትን፣ ለእኔ ብትሰግጂ በነጻ አሳልፍሻለሁ ይላታል። ልጅቷ እንቢ ብላ ረጅሙን መንገድ በእግሯ ትዞራለች። ማርቲ ብቻዋን፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስታነብ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። የእረፍቱ ማብቂያ ሲደወል እንጀራዋን አልነካችውም ነበር።

በሳምንቱ ከመዝሙር ልምምድ በፊት ኤርምያስን ጠበቀችው።

«አነበብኩት» አለችው። «ልጅቷ ለክፉው አልሰገደችም። ሰዎቿን ፍለጋ ነው የወረደችው። አንተስ አንብበኸዋል?»

ኤርምያስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ እንኳ አላነበብኩትም። ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«እንግዲያው ስጨርስ ላምጣልህና አንብበህ እንነጋገርበት። ስህተት ካለበት ታሳየኛለህ። እስከዚያ ግን አላቋርጥም።»

ማርቲ ለኤርምያስ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። እሱም፣ «ሕሊናሽ ካልከሰሰሽ እሺ» አለና ወደ ልምምዱ ገባ። በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት የላሊሴ መውጊያ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ቀጠለ።

ሰኔ ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ ጽፈው ነበር፤ ካርቶኑ ሞልቷል። የፈተና ሳምንት ስለደረሰ ለጥቂት ቀን አቆሙ። በዚያው ሐሙስ የላሊሴ አባት ኦቦ ቦሩ ከሱሉልታ ለእህታቸው ገብስ ይዘው መጡ። ዝናቡ የጓዳውን ወለል አርጥቦት ነበር። ኦቦ ቦሩ ጆንያው እንዳይበሰብስ የሚያስቀምጡበት ደረቅ ነገር ፈለጉ። ጥግ ላይ ካርቶን አገኙ፤ ከፈት አድርገው ሲያዩ ያለፈበት ካላንደር ነው። ጆንያውን እላዩ ላይ ጫኑና አርብ ጠዋት ወደ ሱሉልታ ተመለሱ።

ላሊሴ ፈተናዋን ጨርሳ ካርቶኑን የከፈተችው ሰኞ ነበር። የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥታ ጣቷን አሳለፈችበት። ለስላሳ ነው። ሌላ አወጣች፤ እሱም ለስላሳ። እርጥበቱ ወረቀቱን አለስልሶ የጆንያው ክብደት ነጥቦቹን ደፍጥጧቸዋል። የአምስት ወር ሥራ ተመልሶ ካላንደር ሆነ።

ማርቲ ከሥራ ስትመለስ ላሊሴ ወረቀቶቹ መሀል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። እንባዋ ደርቋል። ወይዘሮ ገለቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «ወንድሜ አያውቅም እኮ፣ ባዶ ወረቀት መስሎት ነው» ይላሉ ደጋግመው። ማርቲ ላሊሴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት ነው» አለች ላሊሴ። «አንድ በአንድ ዳስሻቸዋለሁ። ሠላሳ አንዱ ፈዞም ቢሆን ይነበባል። የቀረው ሄዷል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምን ይሻላል ትያለሽ? መጽሐፉ አልጠፋ፤ እኔም አልጠፋሁ። አንቺ ካልደከመሽ ነገ ከምዕራፍ አንድ እንጀምራለን።»

«እኔ ምን ደከመኝ» አለች ማርቲ።

የቸገረው ወረቀት ነው። የሰፈሩን ካላንደር ጨርሰውታል። ወይዘሮ ገለቴ የዚያኑ ዕለት ለወንድማቸው ደወሉና ረጅም ሰዓት በኦሮምኛ አወሩ። ላሊሴ አባቷን እንዳያሳዝኗቸው በእጇ ምልክት ብትሰጥም አልሰሟትም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ኦቦ ቦሩ መጡ። ሱሉልታና ሰበታ የአዲስ አበባ ሁለት ተቃራኒ ጫፍ ናቸው፤ ሦስት ሚኒባስ ቀያይረው፣ በገመድ የታሰረ ትልቅ ጥቅል በትከሻቸው ተሸክመው ነው የደረሱት። ጥቅሉን በጥንቃቄ አልጋ ላይ አስቀመጡት። ካላንደር ነበር። ከሱቅ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከጎረቤት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ የለመኑት።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እጄ ምን እንደደፈጠጠ አላወቅኩም ነበር። እስቲ አሳዪኝ።»

ላሊሴ ከሠላሳ አንዱ አንዱን ወረቀት አወጣች። የአባቷን ሻካራ አውራ ጣት ይዛ በነጥቦቹ ላይ አስኬደችው።

«ይኼ ምን ይላል?»

«ውዳላት አልተመለሰችም ይላል፣ አባ።»

ኦቦ ቦሩ ጣታቸውን ከዚያ ቦታ ቶሎ አላነሱም። ከዚያ ተቀመጡና፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፤ ይቺ ልጅ ማን ናት?» አሉ። ላሊሴ በኦሮምኛ ነገረቻቸው። ሲነሱ ወደ ማርቲ ዞረው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የኔ ልጅ፣ ተባረኪ። ክረምቱን ወደ ሱሉልታ ልወስዳት ነበር፤ አሁን ግን ሳትጨርስ አትመጣም።»

«እርስዎ አያስቡ፣ ኦቦ ቦሩ» አለች ማርቲ። «እንጨርሰዋለን።»

ክረምቱን ሙሉ ጻፉ። የላሊሴ መሀል ጣት መውጊያው ከሚያርፍበት ላይ ቆሰለ፤ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። ማርቲ ሁለት ሳምንት የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሳት ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዛወሩት። ወረቀቱን አሁን ጣውላ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፤ ሳጥኑ ላይ ወይዘሮ ገለቴ ማንም ምንም እንዳይጭንበት ራሳቸው ዘብ ሆነዋል። የገረማቸው ፍጥነታቸው ነው። አምስት ወር የፈጀው ሥራ በስድስት ሳምንት አለቀ። ማርቲ ፊደል መቁጠር ትታለች። ውዳላት ስትቆጣ ትቆጣለች፤ ስታንሾካሹክ ታንሾካሽካለች። አንድ ቀን ላሊሴ መውጊያዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«ቀስ በይ እንጂ! እንደ ፌኔት ሆንሽብኝ።»

ማርቲ ቆም አለች። እያነበበች መፍጠኗ እስከዚያች ደቂቃ አልታወቃትም ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ማርቲ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አነበበችላትና ላሊሴ የመጨረሻውን ነጥብ ወጋች። ማርቲ በወፍራም መርፌና ክር ወረቀቶቹን ሰፍታ አምስት ጥራዝ አደረገቻቸው። ፌኔት መጽሐፏን ልትወስድ ስትመጣ አምስቱን ጥራዝ አንስታ መዘነቻቸውና፣ «ይኼ ሁሉ የኔው መጽሐፍ ነው?» አለች። ማርቲም ለኤርምያስ ቃል ገብታለታለችና መጽሐፉን ለአንድ ወር አስፈቅዳ ተቀበለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ማርቲ ሥራ ገብታለች። ላሊሴ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣች፤ አንደኛውን ጥራዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፈች። ስትጽፍ ስለ ነጥቡና ስለ ፊደሉ ስትጨነቅ ታሪኩን በደንብ አልሰማችውም ነበር። አሁን የሚያነብላት የለም፤ የምትጠብቀውም ሰው የለም። ስትፈልግ ትቆማለች፣ ስትፈልግ ወደኋላ ትመለሳለች። ሐይቁ ዳር ስትደርስ ፈጠነች።

«ላሊሴ! ምሳ ቀርቧል!» አሉ ወይዘሮ ገለቴ ከውስጥ።

ላሊሴ ገጽ ገለበጠች።

«አንቺ ልጅ! ይቀዘቅዛል እኮ!»

ጣቷ ከመስመር ወደ መስመር ይወርዳል። በሦስተኛው ጥሪ ወይዘሮ ገለቴ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አዳዳ፣ ትንሽ ጠብቂኝ» አለች ላሊሴ ቀና ሳትል። «ምዕራፉን ልጨርስ።»