ጥንዚዛ የሞላ ጆንያ

ጥንዚዛን እጠላለሁ። ከጥንዚዛም በላይ ግን ይርዳውን እጠላለሁ፤ የሟቹን ባሌን የማተቤን ታላቅ ወንድም። ጥንዚዛው ቢያንስ ርቦት ነው የሚበላው።

ማተቤ በሞተ በዓመቱ ይርዳው ሽማግሌ ሰበሰበ። «ሴት ብቻዋን ሽንፋ ወንዝ ዳር ማሽላ አታርስም፤ የወንድሜ መሬት ጦም ከሚያድር እኔ ልያዘው» አለ። ሽማግሎቹ ተመካከሩና «ዘንድሮን ትሞክር፤ አዝመራ ካስገባች ትረስ፣ ካቃታት ይርዳው ይያዘው» ብለው ፈረዱ። እንግዲህ ያ ማሽላ ከጠፋ ልጆቼን ይዤ ወደ ደጋ፣ ወደ እናቴ ቤት መመለሴ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

አረስኩ፣ ዘራሁ፣ አረምኩ። ማሽላው ወገቤን አልፎ ደረቴ ጋ ሲደርስ ጥንዚዛው መጣ። ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ ይገዘግዘዋል፤ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ያያችሁትን ጠዋት አገዳው ብቻ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ገንዳ ውሃ ከተማ ወርጄ ከአንዱ ነጋዴ መድኃኒት ገዛሁ፤ ከሱዳን የገባ ነው ብሎ ምሎልኝ። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጥንዚዛው ገላውን ታጠበበት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

እኛ ጋ ለዚህ ያለው መላ ወንፈል ነው። ጥንዚዛ ጤዛ ሲያርፍበት ክንፉ አይታዘዘውም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ ፀሐይ ሳትወጣ አንዱ ማሳ ላይ ይሰበሰብና አገዳውን እየነቀነቀ፣ የወደቀውን እየለቀመ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ዛሬ ያንተ፣ ነገ የእኔ እየተባለ ይዞራል። የተለቀመው ጉድጓድ ይከተትና አፈር ተመልሶበት ይረገጣል። ተራውን የሚያወጣው ማን ይመስላችኋል? ይርዳው። የሞላውን ጆንያ ሁሉ «ስጡኝ፣ እኔ እቀብረዋለሁ» እያለ የሚሸከመውም እሱ ነው። ሰው ደግሞ «ተባረክ» ይለዋል።

የእኔን ማሳ መጨረሻ ላይ አደረገው።

«ያንቺ ትንሽ ነው፤ ይቆያል» አለኝ ጀላቢያውን እየሰበሰበ።

«እንዳሉ» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ማሽላዬ ተበላ።

የሰው ማሳ ስለቅም ሰነበትኩ። የገረመኝ፣ የተለቀመለት ሁሉ ጥንዚዛው ሲቀንስለት የእኔ እየባሰበት ሄደ። ጎረቤቴ ባየሽ «እግዜር ተቆጥቶሽ እንደሆነ ተሳይ» አለችኝ። እግዜር ከእኔ ጋር ምን ጠብ አለው? እኔን የሚጠላኝ ሰው መሬት ላይ እያለ ሰማይ ምን አስሄደኝ?

የይርዳው ተራ ደረሰ። የእሱና የእኔ ማሳ የሚዋሰነው በአንድ ቦይ ነው። ጥርሴን ነክሼ ለቀምኩለት፤ እያንዳንዷን ጥንዚዛ እሱን የያዝኩ ያህል ጨምቄ ነው የያዝኳት። ጆንያው ሲሞላ እንደልማዱ ተሸክሞ ወደ ቦዩ ሄደ። የማረሻ ድግር እንኳ ለሰው የማያውስ ሰው እንዲህ ደግ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው ብዬ፣ ውሃ ልጠጣ የምሄድ መስዬ ራቅ ብዬ ተከተልኩት።

ጉድጓድ የለም። ቦዩን ተሻገረና ጆንያውን የእኔ ማሽላ ሥር ዘቅዝቆ አራገፈው። ሣሩ ተረግጦ መንገድ ወጥቷል፤ የዛሬ ብቻ አይደለም። የሰፈሩ ጥንዚዛ በሙሉ ማሳዬ ላይ ነው ሲደፋ የከረመው።

እዚያው ላንቀው ነበር። ግን ማን ያምነኛል? «ማረስ ሲያቅታት ስም አወጣችልኝ» ይላል። ተመልሼ መልቀሜን ቀጠልኩ።

በእኛ ሰፈር ወንፈል ሠርቶ የባለቤቱን ማዕድ አልቀምስም ማለት ከስድብ ይከፋል። አንድ ሰው እጁን ከሰበሰበ፣ ነገሩ ሳይጣራ የቀረውም አይቀምስም። ሥራው አልቆ ንፍሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ።

ያን ፍርድ ከፈረዱት ሽማግሎች ዋናው አባ ገብረማርያም ናቸው። አዩኝ።

«ምነው ውባንች፣ እህል ምን በደለሽ?»

«እህልስ አልበደለኝም አባ። ይነሡና ቦዩን ይሻገሩ፤ ከዚያ ይጠይቁኝ።»

«ሰበብ ፍለጋ ነው» አለ ይርዳው። «አቃተኝ ብላ አርፋ አትቀመጥም?»

«አንተ ዝም በል» አልኩት። አንቱ እያልኩ የኖርኩትን ሰው፣ ሚስቱና ልጆቹ ፊት። ምላሴን እንኳ አላደናቀፈኝም።

አባ ገብረማርያም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሰውም ተከተላቸው። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ጥንዚዛው ከተደፋበት እየተነሣ ማሽላዬ ላይ ሲሰፍር ሁሉም አየው። ባየሽ አፏን ይዛ ቀረች።

«ጉድጓዱ የታለ ይርዳው?» አሉ አባ።

«ደክሞኝ ነው… ነገ ልቀብረው ብዬ…»

«አገር ለቅሞ ቅበር ብሎ የሰጠህን፣ ልጅ በምታሳድግ መበለት ማሳ ላይ?» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «ያን ቀን የፈረድነው ይህን ሳናውቅ ነው። ማሽላው ቢገባም ባይገባም መሬቱ የሷ ነው። ይሰማል?»

ይሰማል አለ ሰዉ። ከዚያ ሽማግሎቹ ካሳ ይክፈልሽ፣ ታረቂው ማለት ጀመሩ። ሽማግሌ መቼም እርቅ ይወዳል።

«እርቁንም ካሳውንም አልፈልግም» አልኩ። «ነገ ወንፈሉ የእኔ ነው፤ እሱም ይመጣል። የደፋውን በእጁ ይልቀም።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሁሉም መጣ። ከቦዩ በኩል ያለው ማሽላዬ አልቆለታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ገና ቅጠል ነበረው። ይርዳው ማንንም ሳያይ መጣና አባ ገብረማርያም እኔ አጠገብ አቆሙት። ጎን ለጎን ስንለቅም ብዙ ቆየን።

«ለወንድሜ ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ሳይል። «የወንድሜ ላብ ለባዳ እንዳይቀር ብዬ።»

የወንድሙን ልጆች የወለድኩ ባዳ።

«ወንድምህ ሞቷል» አልኩት። «ያለሁት እኔ ነኝ።»

አገዳውን ነቀነቀና የወደቀውን መልቀም ቀጠለ። ሲሞላ ለመሸከም እጁን ዘረጋ፤ ጆንያውን ግን አልሰጠሁትም።